ምስክሩ ያፈቅራታል

የጠበቃ ሙሉብርሃን ቢሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ትንቢት ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከታች የሚያጓራው ማሽን ግን ቃሏን ገና ከአፏ ሳይወጣ ይውጠዋል። ደግማ ሞከረች። የወጣው ድምፅ አልነበረም፤ በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ ነበር። ዕንባዋ ቀደማት።

ጠበቃዋ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችና ወንበሯን ጎትታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«አይዞሽ እህቴ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ አሁን እሰማሻለሁ።»

«ማንን ነው የምከሰው?» አለች ትንቢት።

ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳቻት ሰንብታለች። ትንቢት ፈንታ ከደምበጫ ገጠር ከገበሬ ቤት ወጥታ በደብረ ማርቆስ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምር ወጣት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆማ በድምፅ ማጉያ ግጥም ስታነብ፣ መንገደኛው አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣት ነበር። አንለይም ከእነዚያ መንገደኞች አንዱ ነበር። መጀመሪያ ያፈቀረው ድምፅዋን ነው፤ መልኳን ያየው ቆይቶ ነው። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቋት፣ «ድምፅሽን ተከትዬ መጣሁ» አላት፤ ዓይኑን ከዓይኗ መንቀል አቅቶት እንደ ተማሪ አፈረ። እሷም ሳቀች። በዚያ ሳቅ ተያዙ።

አንለይ የሰመመን ባለሙያ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን ሰው የሚያስተኛውና የሚያነቃው እሱ ነው። የሚሠራው አጎቱ ዶክተር የኋላሸት በከፈቱት የግል ክሊኒክ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣውን አንለይን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ነጭ ጋውን ያለበሱት እኚሁ አጎቱ ናቸው። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በከተማው ሲያልፉ ባርኔጣውን የማያነሳላቸው ሽማግሌ የለም። አንለይ የመረጣት የገበሬ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ፊት አልነሷትም። ባለቤታቸው ግን በእራት ገበታ ላይ አንገቷን አየት አድርገው፣ «በሠርጉ ፎቶ ላይ እንቅርቷ ሊታይ ነው?» አሉ።

እንቅርቷ ትንሽ ነበረች፤ አስጨንቃት አታውቅም። በአገሯ እንቅርት ያላት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ እናቷም አላት። ያን ማታ ግን አንገቷ ድንገት የሌላ ሰው መሰላት፤ ሻሿን ጠመጠመችበት። ዶክተር የኋላሸትም ያንን አይተው፣ «አትሳቀቂ ልጄ፤ እኔ አወጣልሻለሁ። በነጻ። ለሙሽሪት የምሰጠው ስጦታዬ ይሁን» አሉ። ገበታው ሁሉ አጨበጨበ።

ከሰመመኑ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የአንለይን ፊት ነው። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ቱቦው ነው» አላት አንለይ ወደ ግድግዳው እያየ። «ስትተኚ ያስገባሁት ቱቦ ጉሮሮሽን አቁስሎታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ይመለሳል።»

አልተመለሰም። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ አልተመለሰም። ተማሪዎቿ መጀመሪያ አዘኑላት፤ ኋላ ግን ከኋላ የተቀመጡት መስማት ሲያቅታቸው መንጫጫት ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወራት። ሠርጉ ሳይነሣ ቀረ። አንለይም እየመጣ አጠገቧ ተቀምጦ ዝም ይል ነበር፤ እያደር መምጣቱ ራሱ ቀረ። ስልክ ደውላ እንዳትጠራው፣ ሹክሹክታዋ በስልክ አይሰማም። እሱ ግን በየጊዜው አንዲት አጭር መልእክት ይልክላታል፦ «ይቅር በይኝ።»

ጠበቃዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ጨረሰች።

«አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ» አለቻት። «ስለተጎዳሽ ብቻ ጥፋት አለ ማለት አይደለም። ሐኪም ሁሉን በሥርዓቱ ሠርቶም ክፉ ነገር ሊደርስ ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው፣ ሙያው የሚያዘውን ሳያደርግ ቀርቷል ወይ ነው። ያንን የሚመረምር የጤና ባለሙያዎች ኮሚቴ አለ። አቤቱታ እናስገባለን፤ ጥፋት ካገኘ የሥራ ፈቃድ እስከማገድ ይደርሳል። ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ወንጀልም ነው፤ ለፖሊስ ማመልከት ትችያለሽ። ላጣሽው ነገር ካሳ የምንጠይቀው በፍርድ ቤት ነው። አንዱን መንገድ መያዝ ሌላውን አያስቀርም። ግን ጊዜ የለንም፤ ለካሳው ክስ ሕጉ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው።»

«በነጻ ነው እኮ የሠሩልኝ። ስጦታ ነው ያሉኝ።»

«ቢሆንስ? ምላጭ ይዞ ሰው አንገት ላይ የቆመ ሰው፣ ገንዘብ ተቀበለም አልተቀበለም ተጠያቂ ነው።» ጠበቃዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ችግሩ ሌላ ነው፣ ትንቢት። ክሊኒኩ ለጠየቅነው ነገር መልስ ሰጥቷል። ጥፋቱ የሰመመን ባለሙያው ነው ይላል። እሱም አምኖ ፈርሟል። እንዲህ ከሆነ የምንከሰው አንለይን ነው።»

ትንቢት እጇን አንገቷ ላይ ወዳለው ጠባሳ ሰደደች። ድምፅዋን ያጣች ጊዜ እንኳ እንዲህ አልጨለመባትም። ለካ የተረፈላት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም በገዛ እጇ አስይዛ ወደ ፍርድ ቤት ልትሄድ ነው።

*

ከክሱ በፊት ግን ጠበቃዋ ወደ ባሕር ዳር ላከቻት፤ አንድ የጉሮሮ ስፔሻሊስት እንዲያያት። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ የክሊኒኩን ማስረጃ ግልባጭ አነበበ፤ እንደገናም ተመለከተ።

«ቱቦ ነው ያሉሽ?» አላት። «ቱቦ ያቆሰለው ጉሮሮ በአብዛኛው ይድናል። ያንቺ ግን አንደኛው የድምፅ አውታር ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ይህ የሚመስለው አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቀዶው ጊዜ መቆረጡን ነው።»

«ማን ቆረጠው?»

«እሱን እኔ ላውቅ አልችልም። በጎበዝ ሐኪም እጅም የሚደርስበት ጊዜ አለ። እንዴት እንደተቆረጠ የሚያውቀው በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ አላየችውም። አንለይ አልነበረም! ደረቷ ውስጥ አንድ የታሰረ ነገር ተፈታ፤ ልትስቅ ሁሉ ዳዳት። ወዲያው ግን ሌላው ሐሳብ መጣና ሳቋን ከሥሩ ነቀለው። አንለይ ካልሆነ፣ አንለይ ዋሽቷታል። ያን ሁሉ ወር አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ዋሽቷታል። በቱቦ ስሕተት ይቅር ልትለው ትችል ነበር፤ ልቧ ከብዙ ጊዜ በፊት ይቅር ብሎታል። ለውሸቱ ግን የሚሆን ይቅርታ ብትፈልግ ብትፈልግ በውስጧ አጣች።

ደብረ ማርቆስ መግባት አስጠላትና ደምበጫ ላይ ወርዳ ወደ ወላጆቿ ሄደች።

*

ሽማግሌዎቹ የመጡት በማግስቱ ነው። ዶክተር የኋላሸት ልከዋቸው ነው፤ በፊታቸው መሪጌታ ትዕዛዙ፣ ከኋላቸው የተከበሩ የደብረ ማርቆስ ሰዎች። ከሁሉም በኋላ፣ ጃኬቱን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ የገባው አንለይ ነው።

ትንቢት ከጓዳው በር ላይ ሆና አየችው። ከስቷል። ጢሙ አድጓል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር ረስታ ወደሱ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። እሱ ግን እንደተቃጠለ ሰው ዓይኑን ሰበረ።

አባቷ አቶ ፈንታ እንግዶቹን አስቀምጠው ዝም ብለው አዳመጡ። መሪጌታ ሰላምታውንና ምርቃቱን ከጨረሱ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ።

«አቶ ፈንታ፣ በልጃችን ላይ የደረሰው ሁላችንንም አሳዝኗል። ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ዶክተሩ በበጎ ልብ የሠሩት ሥራ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ ይዋደዳሉ፤ ይኸው እጮኛው ዛሬም አልሸሻትም። ስለዚህ እኛ ያልነው፣ አቤቱታውም ክሱም ይቅርና ሠርጉ ይሁን። ድግሱን ዶክተሩ ይደግሳሉ። ዘመድ ከዘመድ ፍርድ ቤት አይቆምም። ነገሩ በጋብቻ ይታሰር።»

ትንቢት የጓዳውን በር መቃን ያዘች። ስንት ቀን ያለመችው ሠርግ፣ ስሟ ከስሙ ጋር የሚጠራበት ቀን፣ አሁን የአፍ መዝጊያ ሆኖ በአባቷ መደብ ላይ ተቀምጧል። አንለይም ይዞት መጥቷል። አውቆ!

ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። እናቷ ጥሩነሽ በሸንጎ ፊት ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጃቸው የምትላቸውን ሰምተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መሃል ወጡ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ለሁሉም ተሰማ።

«ልጄ መናገር ስለማትችል እኔ ልናገርላት። እንዲህ ትላለች፦ ነርቬ ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤት ተቀምጧል። እሱ ይናገር፤ ስለ ሠርግ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ሁሉም ወደ አንለይ ዞሩ። አንለይ ተነሣ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ትንቢት እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች። ድምፅ ያላት እሷ ብትሆን ትጮህለት ነበር፤ ተናገር፣ በእመቤቴ ተናገር፣ አንድ ቃል ብቻ!

አልተናገረም። በሩን ገፍቶ ወጣ።

አቶ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሪጌታ፣ ስለ ድካማችሁ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። «ልጄን ለትዳር እድራታለሁ። ለዕርቅ ግን አልድራትም። ወደ ፍርድ ቤቷ ትሂድ።»

አባቷ በሕይወታቸው እንዲህ አኩርተዋት አያውቁም። እሷ ግን ኩራቱ አልሰማ አላት፤ የሚሰማት አንለይ ገፍቶት የወጣው በር ወደ ኋላ ተመልሶ ሲዘጋ ያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

*

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ለመያዝ መንገድ ዳር ስትቆም አንለይ እዚያ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ባጃጁና ጋሪው ይተራመሳል፣ ከብት ነጂው ይጮሃል። አንለይ ሰዉን እየገፋ መጣ። እዚያው ከተማ አድሮ እንደጠበቃት ልብሱ ያስታውቃል።

«አትናገሪኝ፤ ስሚኝ ብቻ» አላት። «በናትሽ ስሚኝና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ጀርባዋን ልትሰጠው ፈለገች። እግሯ ግን አልታዘዛት አለ።

«አንቺ ተኝተሽ፣ አንገትሽ ተከፍቶ እያለ፣ አጎቴ ስልክ ተደወለላቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። ‹አንሙት ይጨርሰው› አሉ። ዶክተር አንሙት ገና መመረቁ ነው፤ እንቅርት ሲወጣ አይቶ እንጂ አውጥቶ አያውቅም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ደም መጣበት፤ ደነገጠ፤ በጭፍን ቆረጠ። ‹ይጠሩ፣ ዶክተር ይመለሱ› ማለት ነበረብኝ። ሥራዬም ነበር። አላልኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።»

«ቱቦውስ?» አለች። ጫጫታው ዋጠው፤ እሱ ግን ከከንፈሯ አነበበው።

«ኋላ ጠርተው አለቀሱብኝ። ክሊኒኩ ይዘጋል፣ ስሜ ይጠፋል፣ አንሙትም ይታሰራል አሉኝ። ከዚያ...» አንለይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከዚያ፣ ‹አንተ ጥፋቱን ብትወስደው እሷ አትከስህም፤ ትወድሃለች፤ እኔን ግን ትከሰኛለች› አሉኝ።»

ትንቢት መጀመሪያ የሰማችውን አልገባትም። ሲገባት ግን በሁለት እጇ ደረቱን ገፋችው። እንደገና ገፋችው። የገበያው ሰው ዞር ዞር እያለ ያያል። ያን ሁሉ ነገር ልትጮህበት የሚገባት ሴት ያላት ያቺ ነፋስ ብቻ ናት፤ ባላት ነፋስ ሁሉ ነገረችው።

«ፍቅሬን ነው መደበቂያ ያደረጋችሁት? እኔ ስወድህ... እኔ ስወድህ እናንተ ያንን ነው የቆጠራችሁት?»

«አዎ» አለ። ዕንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «ትናንት ከነሱ ጋር የመጣሁት ሠርጉን ፈልጌ ነው። ብንጋባ ሁሉም የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። እናትሽ ሲናገሩ ነው ምን ይዤ እንደመጣሁ የገባኝ። እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ አሁንም አቃተኝ። ግን እመሰክራለሁ። ኮሚቴውም ፊት፣ ዳኛም ፊት። የኔንም ጥፋት ጨምሬ።»

የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ መጥቶ ረዳቱ ይጣራ ጀመር። ትንቢት አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች።

«እስከዚያ ቀን አትምጣ» አለችው። «መልእክትም አትላክ። ይቅር በይኝም አትበለኝ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ አላየችም። እንደማይሄድ ታውቃለች፤ እዚያው አቧራው ውስጥ ቆሞ እንደሚያያት ታውቃለች። ይህን ማወቋ ነው የቆረጣት።

*

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ በዚያን ቀን ሞልቶ ነበር። ዶክተር የኋላሸት ከጠበቃቸው አጠገብ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንለይ በመሐላ ቆሞ ያየውን ሁሉ ተናገረ፤ ስልኩን፣ ጓንቱን፣ የሚንቀጠቀጠውን እጅ፣ የፈረመበትን ውሸት። አንድም ጊዜ ወደ ትንቢት አላየም።

ሙሉብርሃን አስቀድማ አስጠንቅቃታለች። «የኮሚቴው አስተያየት ገና አልመጣም፤ ዶክተር አንሙትም አልናገርም ብሏል። ያለን ዋናው ነገር የአንለይ ቃል ነው። እነሱም የሚመጡበት በዚያው ነው፤ ለፍቅረኛው ብሎ ነው ይላሉ። በእናንተ መካከል አሁን ምንም የለም አይደል?»

«ምንም የለም» ብላት ነበር ትንቢት።

የክሊኒኩ ጠበቃ ተነሣ። ረጋ ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው።

«ምስክር፣ ቀድሞ የፈረሙት ቃል ውሸት ነበር ብለዋል። ስለዚህ መዋሸት ይችላሉ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ።»

«ከሳሽ እጮኛዎ ነበረች?»

«ነበረች።»

«አሁንስ? በመሐላ ላይ መሆንዎን አይርሱ። ከሳሽን ያፈቅሯታል?»

ትንቢት የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። አፈቅራታለሁ ካለ ቃሉ ሁሉ የፍቅረኛ ቃል ሆነ፤ ክሷ ተበላሸ፤ ድምፅዋ በከንቱ ቀረ። አላፈቅራትም በል፣ አለች በልቧ። አንድ ጊዜ ዋሽተሃል፣ ስለኔ አሁንም ዋሽ። ከዚያው ልብ ውስጥ ደግሞ ሌላ ልመና ተነሣ፤ አፈነችው፤ አልታፈነም። እንዳትለው። አንለይ፣ በጌታ፣ አላፈቅራትም እንዳትል።

አንለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሷ ዞሮ አያት።

«አፈቅራታለሁ» አለ።

ጠበቃው ወደ ዳኞቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እኔ ግን አልጨረስኩም» አለ አንለይ። ድምፁ ከፍ አለ፤ አጎቱ በመቀመጫቸው ላይ ሲንቀሳቀሱ ታየ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄው ተጠይቋልና መልሱን ልጨርስ።»

የመሐል ዳኛዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይጨርስ።»

«የዋሸሁትም እኮ እያፈቀርኳት ነው። እጇን ይዤ ነው የዋሸኋት። ፍቅር እውነት የሚያናግር ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ቀን፣ ገና ስሜን ልትጠራ አፏን ስትከፍት እናገር ነበር። አልተናገርኩም። ዛሬ የምናገረው እንድታገባኝ አይደለም፤ ይህን ሰምታ አታገባኝም። አጎቴን ስለጠላሁም አይደለም፤ ከሳቸው በቀር አባት አላውቅም። ክሊኒኩን አጥቻለሁ፣ የምኖርበትን ቤት አጥቻለሁ፣ የሥራ ፈቃዴንም አጣለሁ። እሷንም አጥቻለሁ። ዋሽቼ የማተርፈው ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ዶክተር የኋላሸት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ድንገት ያረጁ መሰሉ። ትንቢት ግን እሳቸውን አላየችም። ሊያድናት ይችል የነበረው ያ ድምፅ አሁን፣ ከረፈደ በኋላ፣ አዳራሹን ሞልቶት ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ልቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም።

*

ፍርዱ የተነበበው ክረምቱ ሲገባ ነው። የባለሙያዎቹ ኮሚቴ ቀዶ ሐኪሙ የጀመሩትን ሥራ ላልበቃ ሰው ጥለው መውጣታቸው ከሙያው ሥርዓት ውጭ መሆኑን አረጋግጦ ፈቃዳቸውን አግዷል። የዶክተር አንሙትም ታገደ፤ አንለይም ጉዳቱን በመደበቁና በሐሰት በመፈረሙ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ታግዷል። ፍርድ ቤቱ ክሊኒኩ በሠራተኞቹ ጥፋት ኃላፊ ነው ብሎ ካሳ ፈረደ። ሙሉብርሃን እየሳቀች አቀፈቻት። አቶ ፈንታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዳኞቹን እጅ ነሡ።

ትንቢት ደስታ እንዲሰማት ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው ድካም ነው፤ ረጅም ዳገት ወጥቶ ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ሰው እንዳጣ መንገደኛ ያለ ድካም። በፍርድ ተረትታ አልነበረም። ረትታለች። ማንም ዳኛ ግን ነርቩን አይቀጥለውም፤ ነገም ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ግጥሙን ሌላ መምህርት ታነበዋለች።

ከአዳራሹ ስትወጣ አንለይ በረንዳው ጫፍ ላይ ነበር። ትከሻው ላይ ቦርሳ አንግቷል። ጉንደ ወይን ከተማ አንድ የወላጆቹ ዘመድ እህል የሚነግድበት መጋዘን አለው፤ ፈቃዱ እስኪመለስለት እዚያ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምታለች። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አያት፤ አንገቱን ለስንብት ጎንበስ አደረገ፤ ወደ ዝናቡም ወረደ።

ሳታስበው ተከተለችው። እጅጌውን ያዘችው።

ምን ልትለው እንደሆነ አታውቅም ነበር። ንዴቱ አልሞተም፤ ማታ ማታ ይነሣባታል። የገበያው መንገድ ዳር የሰማችው ቃልም አልወጣላትም። ግን እሱ ከሄደ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ አሰበች፤ ከራሷ ዝምታ ይልቅ ያኛው ዝምታ አስፈራት።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «ገና ነኝ። መቼ እንደምል አላውቅም። ግን አትሂድ።»

ቆርቆሮው ይጮሃል። አንለይ ውሃው ከግንባሩ እየወረደ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

የመጀመሪያው ቃሏ ከተስፋ መቁረጥ አምልጧት የወጣ ነበር፤ ብትተወው ማንም አልሰማውም፣ እሱም ይሄዳል፣ እሷም አላልኩም ማለት ትችላለች። የያዘችውን እጅጌ አየች። ከዚያ ዓይኑን አየችው፤ በዚህ ጊዜ አልሰበረውም።

በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ ደገመችለት።